«ኦክሲጅን መክፈት ማንን ያቅታል?» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከሥሩ «ያንብቡት፣ ግን እንዳይናደዱ» ብሎበታል። አነበብኩት፤ ትንሽ ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ንዴቱ በረድ አለ። ለካ ጸሐፊው የሚሉትን ነገር እኔም የመተንፈሻ ሕክምና ትምህርት ከመጀመሬ በፊት አስበው ነበር።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን ሁለት ዓመት፣ ሲብስም አራት ዓመት መማር ጊዜ ማባከን ነው ይላል። ሥራው ኦክሲጅን መክፈት፣ ማስክ ማሰርና ማሽን ማብራት ነው። ቬንቲሌተሩ፣ ለሕመምተኛው አየር የሚገፋው ማሽን፣ ዘመናዊ ስለሆነ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ፊዚክሱና ሒሳቡ ሥርዓተ ትምህርቱን ለማወፈር የገባ ነው። የቀረውን ነርሶች ይሸፍኑታል። ኢንሄለር፣ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ማስተማር ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ከማንበብ አይለይም። የሆስፒታል ልምምዱ ደግሞ የነፃ ጉልበት ነው። መቋጫቸው ከታሪክ የመጣ ነው፦ በ1952 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ላይ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ ተማሪዎች አጭር ገለጻ ብቻ ተሰጥቷቸው በእጃቸው አየር እየገፉ ሰው አዳኑ። ታዲያ ሦስት ወር ለምን አይበቃም?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ስለዚህ ከመጨረሻው ልጀምርና ከዚያ ወደ መጀመሪያው ልመለስ።

ኮፐንሃገን ላይ ተማሪዎች ነበሩ፣ እውነት ነው። ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ የጎማ ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። ጸሐፊው የዘለሉት ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። በብሌግዳም ሆስፒታል፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሦስት ሳምንታት፣ የዘመኑ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከገቡት 31 ሕመምተኞች 27ቱ ሞተዋል። መሣሪያ እያለ ማለት ነው። ደማቸው ሲመረመር በውስጡ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ሐኪሞቹ ይህን ያዩና ደሙ አልካሊ፣ የአሲድ ተቃራኒ፣ በዝቶበታል ብለው ይተረጉሙታል። ቢዮርን ኢብሰን የሚባል የሰመመን ሐኪም ተጠርቶ መጣ። የለም አለ፤ ሰዎቹ በቂ አየር ስለማያስወጡ ጋዙ ውስጣቸው ተጠራቅሟል፣ ደሙም አሲድ ሆኗል። አንገት ላይ ተቀዶ ቱቦ ገባ፤ አየር በእጅ መገፋት ተጀመረ። ከጊዜ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር ወደ ሩብ ገደማ ወረደ።

ልብ በሉ። ቁጥሩ ልክ ነበር። የተሳሳተው ንባቡ ነው። ከረጢት መጭመቅ በአንድ ከሰዓት ይለመዳል፤ እኔም ተማሪዎቼን በአንድ ከሰዓት ነው የማለማምዳቸው። የተቀረው ጊዜ የሚሄደው ቁጥሩን ማንበብ ላይ ነው።

ንባብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ላሳይ። ከእጅ አንጓ ላይ፣ የልብ ምት ከሚዳሰስበት አርተሪ፣ ደም ይቀዳል። ተማሪው መርፌውን ከመያዙ በፊት ሁለቱን የእጅ ደም ሥሮች በጣቶቹ ጫን ብሎ ይይዛል፤ መዳፉ ሲነጣ አንዱን ይለቅና ቀለሙ በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ ያያል። ካልተመለሰ ያንን እጅ አይነካም። ከዚያ ውጤቱ ይመጣል። የደሙ ፒኤች፣ የአሲድና የአልካሊ ልኩ፣ ከ7.35 እስከ 7.45 መሆን አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ35 እስከ 45፣ አሲዱን የሚያለዝበው ባይካርቦኔት ከ22 እስከ 26። እስከዚህ ድረስ የሦስት ወር ሠልጣኝም ይሸመድደዋል።

አሁን አስም የተነሳበት ወጣት አለ እንበል። ሲመጣ በኃይል እየተነፈሰ ስለነበር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 30 ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲለካ 42 ሆነ። በሰንጠረዡ መሠረት ጤነኛ ቁጥር ነው። የሸመደደው ሰው «ተመስገን፣ ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል። የተማረው ሰው ደንግጦ ሐኪም ይጠራል። ምክንያቱም ደረቱ አሁንም ያፏጫል፣ ትንፋሹ አሁንም ቁርጥ ቁርጥ ነው፤ ታዲያ ጋዙ ለምን ከፍ አለ? ልጁ ደክሞታል። መተንፈሻ ጡንቻዎቹ እጅ እየሰጡ ነው። ያ 42 ወደ 60 ለመሄድ መንገድ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ኦክሲጅኑ ልምጣ። «ኦክሲጅን ቢበዛ ምን ይጎዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ኦክሲጅን መድኃኒት ነው። እንደ ማንኛውም መድኃኒት ልክ አለው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክሲጅን ነው። አፍንጫ ላይ የሚገባው ቀጭን ቱቦ በደቂቃ ከ1 እስከ 6 ሊትር ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ሊትር በግምት 4 በመቶ ይጨምራል። «በግምት» ያልኩት አውቄ ነው። ሕመምተኛው በኃይል በሳበ ቁጥር የክፍሉንም አየር አብሮ ስለሚስብ ኦክሲጅኑ ይቀጥናል። ያው 4 ሊትር ተረጋግቶ ለተኛ ሰው ሌላ ነው፣ ለሚያለከልክ ሰው ሌላ። ተራው ማስክ ደግሞ ከ5 ሊትር በታች አይከፈትም፤ ካነሰ ሰውየው ያስወጣውን አየር መልሶ ይስበዋል። ልኩ እንዳይዋዥቅ የሚፈለግ ከሆነ የቬንቱሪ ማስክ አለ፤ በቀለም የተለያዩ ቀዳዳ ያላቸው ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱ የራሱ መቶኛ አለው። ተማሪው የትኛውን ለማን እንደሚያደርግ ብቻ ሳይሆን፣ ብርድ ልብሱ ቀዳዳውን ቢሸፍነው ልኩ እንደሚበላሽም ይማራል።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ያለባቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ለዓመታት ያጨሱ ናቸው። እነዚህን ሰዎች የምንጠብቃቸው ሳቹሬሽናቸው፣ ደማቸው ኦክሲጅን የያዘበት መቶኛ፣ ከ88 እስከ 92 እንዲሆን ነው። 99 ሲሆን አንደሰትም። ኦክሲጅኑ ሲበዛ ሰውነታቸው ዘግቶት የነበረው፣ አየር በደንብ ወደማይገባበት የሳንባ ክፍል ደም መልሶ ይሄዳል። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም ኦክሲጅን ሲሞላ የተሸከመውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያራግፋል። ሰውየው መጀመሪያ ይደላዋል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ከዚያ አይነቃም። ቤተሰብ «ዕረፍት አገኘ» ይላል።

ይኼ የመማሪያ ክፍል ተረት አይደለም። አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ውስጥ ይኸው ሕመም አለባቸው ተብለው የተገመቱ፣ በአምቡላንስ የሚመጡ 405 ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2010 ታተመ። ለአንዱ ወገን እንደተለመደው ኦክሲጅን በብዛት ተከፈተ፤ ለሌላው እየተለካ ተሰጠ። ከመጀመሪያው ወገን 9 በመቶ ሞተ፣ ከሁለተኛው 4 በመቶ። ልዩነቱን ያመጣው ሌላ መድኃኒት ሳይሆን የፍሎሜትሩ፣ የኦክሲጅኑን መጠን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ቁልፍ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሕፃናቱ ነበሩ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በኢንኩቤተር ውስጥ ኦክሲጅን እንደ ልብ ይለቀቅላቸው ነበር። ለበጎ ነው። ወደ 10,000 የሚገመቱ ሕፃናት ዓይናቸው ጠፋ። ምክንያቱ ኦክሲጅኑ መሆኑ በቅጡ የተረጋገጠው በ1953 እና በ1954 በተካሄደ ጥናት ነው። ሙዚቀኛው ስቲቪ ዎንደር በ1950 ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ነበር፤ ብርሃኑን ያጣው በዚሁ ሕመም ነው። ጸሐፊው «ቢበዛ ምን ይጎዳል» ሲሉ ይኼ ሁሉ ታሪክ ያለፈ መሆኑን አያውቁም ብዬ ልውሰደው።

«ማሽኑ ራሱን ያስተካክላል» የሚለው ነጥብ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ግማሽ እውነት ደግሞ ለመመለስ ይከብዳል። አዎ፣ አዲሶቹ ቬንቲሌተሮች ብልህ ናቸው። ግፊቱን ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ የሚለዋውጡ አሠራሮች አሏቸው። አንደኛው እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሚሊሊትር አየር ይግባ ብሎ ያዛል፤ ማሽኑ ያ መጠን እስኪሞላ ግፊቱን ይጨምራል፣ ከሞላ ይቀንሳል። ድንቅ ነው። ግን ሕመምተኛው ጨንቆት በራሱ ኃይል አየር መሳብ ሲጀምር ምን ይሆናል? መጠኑ ይሞላል። ማሽኑ «በርትቷል» ብሎ እርዳታውን ይቀንሳል። ሰውየው እርዳታ በጣም በፈለገበት ሰዓት ማለት ነው። እስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ መብራት አትበራም። ይህን የሚያየው አንገቱ ሥር ያሉት ጡንቻዎች ሲወጠሩ የሚያይ ሰው ነው።

የራሴን ጉድ ልናገር። ተማሪ ሳለሁ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ቬንቲሌተሩ ላይ ያሉት አባት ትንፋሻቸው በደቂቃ 38 ሆኖ አየሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት 16 ነበር። ሮጬ ሄጄ «ትንፋሻቸው ጨምሯል፣ ተጨንቀዋል» አልኩ። ማስታገሻ ሊታዘዝላቸው ትንሽ ሲቀረው አለማማጄ መጣችና አልጋው አጠገብ ቆመች። ማሽኑን አላየችም። ቱቦውን ጎንበስ ብላ ዓየችው፤ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ውኃ ተጠራቅሟል። አየሩ እንዳይደርቅ ስለሚሞቅና ስለሚረጥብ፣ እርጥበቱ ቱቦው ውስጥ ወደ ውኃ ይለወጣል። ውኃው ወዲያ ወዲህ ሲል ማሽኑ «ሕመምተኛው ሊተነፍስ ነው» ብሎ ይተረጉመውና አየር ይገፋል። ቱቦውን ከሕመምተኛው ራቅ አድርጋ ወደ ማጠራቀሚያው አፈሰሰችው። 38 የነበረው ወደ 17 ወረደ። «ደረታቸውን ብትቆጥር ኖሮ...» አለችኝ። አልጨረሰችውም።

ይኼን የምነግራችሁ ማሽኑን ለማማት አይደለም። ማሽኑ የታዘዘውን ሠርቷል። አላርም ሲጮህም እንደዚያው ነው። የአዲስ ተማሪ እጅ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ድምፁን ወደሚያጠፋው ቁልፍ ነው፤ ሁሌ አያለሁ። የሚማረው ግን ሌላ ቅደም ተከተል ነው። ሕመምተኛው እየወደቀ ከሆነ ከማሽኑ ነቅለህ በአምቡ ባግ፣ በሚጨመቀው ከረጢት፣ በእጅህ አየር ስጥ። በእጅህ ሲገባ ከተሻለው ጥፋቱ የማሽኑ ነው። አሁንም ካልገባ ቱቦው ቦታውን ለቋል? በአክታ ተደፍኗል? ሳንባው ተቀዶ ደረቱ ውስጥ አየር ፈስሷል? ይህ ሁሉ በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ፣ ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ እያየ።

ለሳቹሬሽን መለኪያዋም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጣት ላይ ስለምትታሰረው ትንሿ መሣሪያ። እሷም ትሳሳታለች። ከእሳት ቃጠሎ የወጣ ሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደሙን ሞልቶት እያለ 99 ልታሳይ ትችላለች፤ ያንን ጋዝ ከኦክሲጅን መለየት አትችልም። የቆዳ ቀለምም ይነካታል። በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 ያለቻቸውን ሰዎች ደም በቀጥታ ሲለካ፣ ከጥቁሮቹ ልኬቶች 11.7 በመቶው ከ88 በታች ሆኖ ተገኘ፤ ከነጮቹ 3.6 በመቶው። ጥቁር ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ለሚያክም ሁሉ ይህ የቤት ሥራ ነው።

ፊዚክስና ሒሳብ ላይ ጸሐፊው አንድ ነገር ያሸንፉኛል። እኔ ራሴ አልጋ አጠገብ ቆሜ የደምን ፒኤች የሚያሰላውን የሄንደርሰን ሀሰልባልክን ቀመር ፈትቼ አላውቅም። ለፈተና አጥንቼዋለሁ፣ አልፌዋለሁ፣ አበቃ። እሱን ሰዓት ቢቀንሱት አልከራከርም። ግን «ሁሉም ማወፈሪያ ነው» ሲሉ አብረው የጣሉትን ይዩት።

የሕፃን የአየር ቧንቧ ስፋት 4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ዙሪያውን በ1 ሚሊሜትር ቢያብጥ ስፋቱ 2 ይሆናል። በቧንቧ ፊዚክስ ሕግ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ አየሩ ለማለፍ የሚገጥመው ተቃውሞ 16 እጥፍ ያድጋል። 8 ሚሊሜትር ቧንቧ ያለው አዋቂ ያው 1 ሚሊሜትር ቢያብጥበት 3 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የሚጨምርበት። አዋቂው ድምፁ ይጎረንናል፣ ሕፃኑ ይታፈናል። ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው ጉሮሮው ያበጠበትን ሕፃን ከእናቱ ጭን አንስቶ አያስለቅስም። ሲያለቅስ በኃይል ይስባል፣ በኃይል ሲስብ ይብስበታል። እቅፏ ውስጥ እንዳለ ያክመዋል።

ሁለተኛው የቬንቲሌተር መጠን ነው። አንዲት ሴት ቁመቷ 165 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷ 95 ኪሎ ነው። ሳንባዋ ክፉኛ ተጎድቷል። በኪሎ 6 ሚሊሊትር አየር ስጧት ተብሏል። በሚዛኑ ካሰላችሁት 570 ሚሊሊትር ነው። ስህተት ነው። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርም፤ የሳንባን ልክ የሚናገረው ቁመት ነው። ከ165 ላይ 152.4 ይቀነሳል፣ በ0.91 ይባዛል፣ 45.5 ይደመራል፤ 57 ኪሎ ይመጣል። ለወንድ ቢሆን የሚደመረው 50 ነው። 57 በ6 ሲባዛ 342 ሚሊሊትር። በ570 እና በ342 መካከል ያለው ልዩነት የወረቀት አይደለም። በ2000 የታተመው ትልቁ ጥናት 861 ሕመምተኞችን ይዞ፣ በዚህ ቀመር በኪሎ 12 እና 6 ሚሊሊትርን አወዳደረ። በ12 ከተነፈሱት 39.8 በመቶው ሞቱ፣ በ6 ከተነፈሱት 31 በመቶው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ኪሳቸው ውስጥ ሜትር ይይዛሉ። የተኛ ሰው ከተረከዝ እስከ አናቱ ሲለኩ የሚያያቸው ሌላ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ አትሳቁባቸው።

ሦስተኛው የሲሊንደር ሒሳብ ነው። ሕመምተኛ ወደ ሲቲ ስካን ሊወሰድ ነው። ተንቀሳቃሹ ሲሊንደር፣ ኢ የሚባለው፣ ጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ 1,000 ያነባል። ሲሞላ 2,200 ያህል ስለሚሆን «ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው» ይባላል። 200 ለመጠባበቂያ ይቀነሳል፣ የቀረው 800 የዚህ ሲሊንደር መለወጫ በሆነው 0.28 ይባዛል፣ ሕመምተኛው በደቂቃ በሚወስደው 10 ሊትር ይካፈላል። 22 ደቂቃ። ሊፍቱ ቆሞ ቢቀር፣ ስካኑ ላይ ሰው ቢኖር፣ 22 ደቂቃ ምንም አይደለም። ተማሪው ይህን ስሌት እንቅልፍ ላይ ሆኖ እስኪመልሰው ድረስ እንጠይቀዋለን።

ነርሶችን በሚመለከት ባጭሩ አልፋለሁ፣ ጠብ ስለማልፈልግ። ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች እንዲህ የሚባል ሙያ ለብቻው የለም። ሥራውን ነርሶች፣ ፊዚዮቴራፒስቶችና ሐኪሞች ይከፋፈሉታል፣ በደንብም ይሠሩታል። ግን ሳይማሩት አይደለም። ትምህርቱ ሌላ መዝገብ ላይ ተጻፈ እንጂ አልጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ የማዕረጉ ስም ሳይሆን ሙያው ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ለስድስት ሕመምተኛ አንድ ነርስ መድቦ «ቬንቲሌተሩንም ጨምሪበት» ማለት ደግሞ ነርሷን ማክበር አይደለም።

ኢንሄለሩ። እዚህ ጋ ጸሐፊው መሳቃቸውን አያለሁ። እኔም በመጀመሪያው ቀን ስቄ ነበር። ተጭኖ የሚረጨው ኢንሄለር ቀስ ተብሎ፣ በረዥሙ ነው የሚሳበው፤ ከዚያ እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽን መያዝ። የደረቅ ዱቄቱ ተቃራኒው ነው፤ በኃይል፣ በአንድ ጊዜ። ሁለቱንም የታዘዘ ሰው አንዱን በሌላው መንገድ ከወሰደው የረጨው መድኃኒት ጉሮሮው ላይ ይቀራል፣ ዱቄቱም ከመሣሪያው በቅጡ አይወጣም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ አዎ። ግን «ገባዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም «ገብቶኛል» ይላል። ስለዚህ ተማሪው እንዳይጠይቅ ይማራል። «እማማ፣ እስቲ ቤት እንደሚወስዱት አድርገው ያሳዩኝ» ይላል፣ ዝም ብሎም ያያል። እማማ አፋቸውን ከፍተው፣ ኢንሄለሩን አንድ ስንዝር አርቀው፣ ፊታቸው ላይ ፍስስ ያደርጉታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ወስደውታል። ሐኪሙ ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሁለት ጊዜ መጠኑን ጨምሮላቸዋል።

የቀረው የነፃ ጉልበት ክሱ ነው። ይኼን እንደ ሌሎቹ አልመልሰውም። የልምምድ ሰዓት ተብሎ ቀኑን ሙሉ ሲሊንደር ስገፋ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ። ቱቦ ሳጥብ የከረምኩበት ሳምንትም አለ። ያለማማጅ አንድ ተማሪ ሙሉ ዋርድ የሚሰጥበት ቦታ ካለ ስሙ ልምምድ አይደለም፤ ጸሐፊው ሊጮኹበት ይገባል፣ እኔም አብሬያቸው እጮኻለሁ። የሰዓቱ መዝገብ ላይ «ስምንት ሰዓት» ተብሎ የሚፈረመው ነገር ምን እንደተማረ ቢጻፍበት ብዬ ለዓመታት ስነዘንዝ ኖሬያለሁ።

ግን ልምምዱ ይቅር ወይም ወደ ሦስት ወር ይጠቅለል ከተባለ፣ የማይተካ ነገር አብሮ ይሄዳል። ያቺው የቱቦውን ውኃ ያፈሰሰችው አለማማጄ አንድ ሌሊት አስም የተነሳበት ሰው አጠገብ ወንበር ሰጠችኝ። ኦክሲጅን ተደርጎለታል፣ መድኃኒትም እየተሰጠው ነው። ፎጣ አመጣችና ሞኒተሩን ሸፈነችው። «በል እንግዲህ፣ እንዴት እንዳለ ንገረኝ» አለች።

መጀመሪያ ምን እንደምል ጠፋኝ። ሰዓቴን አውጥቼ ደረቱን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፤ 34። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ወደፊት ዘንበል ብሏል። አንገቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታ በሳበ ቁጥር ይሰምጣል። ስሙን ስጠይቀው ስሙን ነገረኝ፤ የአባቱን ስም ለመጨመር ግን መሀል ላይ መተንፈስ ነበረበት። ጀርባው ላይ ማዳመጫ ሳደርግ ቅድም ያፏጭ የነበረው ደረት ጭጭ ብሏል። «ፉጨቱ ጠፍቷል» አልኳት፣ ደስ ብሎኝ። ዝም ብላ አየችኝ። እንደገና አዳመጥኩ። የጠፋው ፉጨቱ ብቻ አልነበረም፤ አየር የሚገባበት ድምፅም የለም። ያኔ ገባኝ።

ሐኪሙን ጠራን። እየሮጠ ሲመጣ ፎጣውን አነሳችው። ሳቹሬሽኑ 95 ይላል።